የመጀመሪያ የሳልመን ጉዞ፦ የኤፕሪል ኮሆ ወይስ የኦገስት ኪንግ?

የአንድ ጓደኛችን ልደት ሲቃረብ ከመሃላችን አንዱ ተነስቶ "ለምን ሚቺጋን ሐይቅ ላይ ጀልባ ተከራይተን ሳልመን አናጠምድም?" አለ። ስድስት ነን። ከስድስታችን የዓሣ ዘንግ ይዞ የሚያውቅ አንድም የለም። ፈልግ የተባልኩት እኔ ነኝ። ስልኬን ከፍቼ ስፈልግ ራሴ ዞረ። በየማስታወቂያው ላይ ሕፃን ልጅ የሚያክል ዓሣ ታቅፎ የሚስቅ ሰው አለ። ሁሉም "ለጀማሪ ተስማሚ" ይላል። ዋጋው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ይለያያል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ። አንዱ ግሩም ነበር፣ አንዱ ደህና። አንዱን ከጀልባው ጠርዝ ላይ ተደፍቼ ነው ያሳለፍኩት። እናንተ በአንድ ጊዜ እንድትመርጡ ያየሁትን ላወዳድርላችሁ።

ስለ ችሎታ አትጨነቁ። እዚያ የሚሠራበት ዘዴ ትሮሊንግ ይባላል። ጀልባው በሰዓት ከ2 እስከ 3 ማይል እያዘገመ በርካታ ዘንጎችን በአንድ ላይ ይጎትታል። ማባበያውን የሚመርጡት፣ ክሩን የሚለቁት፣ ጥልቀቱን የሚወስኑት ካፒቴኑና ረዳቱ ናቸው። የእናንተ ሥራ ዓሣው ሲይዝ ዘንጉን ተቀብሎ መጠቅለል ብቻ ነው። ስለዚህ "ለጀማሪ ይሆናል?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም አዎ ይላችኋል፤ እውነታቸውን ነው። የሚለያዩት ባዶ ውሃ እያያችሁ ስንት ሰዓት ትቀመጣላችሁ በሚለው ነው።

ብዛት ወይስ ግዝፈት

ትልቁ ምርጫ የጀልባው ሳይሆን የወሩ ነው።

ከኤፕሪል እስከ ሜይ የሚቺጋን ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ ከሌላው ክፍል ቀድሞ ይሞቃል። ኮሆ የሚባለው ትንሹ የሳልመን ዓይነት ወደዚያ ይሰበሰባል። ሚቺጋን ሲቲ፣ ቺካጎ፣ ትንሽ ቆይቶ ዊንትሮፕ ሃርበር አካባቢ ይገኛል። አብዛኛው ከ2 እስከ 4 ፓውንድ ነው፤ ለፎቶ የሚያኮራ አይደለም። ግን በመንጋ ነው የሚሄደው፣ የሚዋኘውም ከውሃው ላይኛ ገጽ ብዙ ሳይርቅ። ጀልባው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ካፒቴኑ ክሮቹን ፕሌነር ቦርድ በሚባሉ ተንሳፋፊ ሰሌዳዎች አድርጎ ወደ ግራና ቀኝ ያርቃቸዋል፤ የጀልባው ድምፅ ዓሣውን እንዳያስደነግጠው። መንጋው ላይ ከደረሳችሁ ሁለት ሦስት ዘንግ በአንድ ጊዜ ይጎብጣል። ሁሉም ይጯጯኻል፣ አንዱ ያንዱን ክር ይረግጣል። የስምንት ዓመት ልጅም ጠቅልሎ ማውጣት ይችላል።

ችግሩ ብርዱ ነው። ከተማው ውስጥ በሹራብ የሚያስኬድ ቀን ሐይቁ ላይ የክረምት ጃኬትና ጓንት ይጠይቃል። የአየር ትንበያ ስታዩ የከተማውን አትመኑ።

ኪንግ ሌላ ታሪክ ነው። ቺኑክ ሳልመን ነው ትክክለኛ ስሙ፤ ጀልባ ላይ ግን ኪንግ የማይለው የለም። ጁላይና ኦገስት ላይ ከ15 እስከ 20 ፓውንድ የሚመዝን ማግኘት ብርቅ አይደለም። ሲይዝ ታውቁታላችሁ። ዳውንሪገር የሚባል ነገር አለ፦ ክሩን ከከባድ የብረት ኳስ ጋር አቆራኝቶ ወደ ጥልቁ ያወርዳል። ዓሣው ሲነክስ ክሩ ከኳሱ ይላቀቃል። የጎበጠው ዘንግ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ወዲያው ተመልሶ እስከ ውሃው ይጎብጣል። ከዚያ ክሩ እየጮኸ ይሮጣል። አንተ ትጠቀልላለህ፣ እሱ ይወስዳል። ክንዴ ለሁለት ቀን ታሞ ነበር።

ግን ኪንግ አመል አለው። ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ፋራናይት የሆነ ውሃ ይወዳል። በሰመር ላዩ ስለሚሞቅ ያንን ቅዝቃዜ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ነፋስ አቅጣጫውን ሲቀይር ደግሞ ቀዝቃዛው ውሃ ቦታ ይለውጣል፤ ትናንት ዓሣ የሞላበት ቦታ ዛሬ ባዶ ይሆናል። ደህና የሚነክሰው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ ገና በጨለማ ወደብ መድረስ አለባችሁ። ሦስት ሰዓት ምንም ሳይነካችሁ ልትቀመጡም ትችላላችሁ። እኛ ተቀምጠናል። ልደተኛው እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ሴፕቴምበር ሲገባ ኪንጎቹ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ወንዝ አፍ ይጠጋሉ። ትልልቅ ናቸው፣ ለሐይቁ ዳርቻም ቅርብ ናቸው። ነገር ግን መመገብ እያቆሙ፣ ቆዳቸው እየጠቆረ፣ ሥጋቸው እየላላ ይሄዳል። ለመብላት ካሰባችሁ ብርማ እንደሆነ በሰመር ያዙት።

የእኔ ፍርድ ይኸው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በተለይ ልጆች ካሉ፣ ኮሆ። ዓሣ ማጥመድ የሚወደደው ሲይዝ ነው። አንድ ትልቅ ዓሣ ለስድስት ሰው አይዳረስም፤ ሃያ ትናንሽ ግን ይዳረሳል። ኪንጉን ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት።

የትኛው ሐይቅ?

ሚቺጋን ከሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አንዱ ነው፤ ኦንታሪዮና ሂውረንም አሉ። ሰው እዚህ ላይ ብዙ ይከራከራል። እኔ ብዙም አልደክምበትም። በሚቺጋን ግዛት የተመዘገበው ትልቁ ኪንግ በ2021 ከሚቺጋን ሐይቅ የወጣ 47.86 ፓውንድ ነው። የኒውዮርኩ ደግሞ በ1991 ከኦንታሪዮ ሐይቅ ገባር ከሳልመን ሪቨር የወጣ 47 ፓውንድ ከ13 አውንስ ነው። ልዩነታቸው አንድ አውንስ አይሞላም። ለቤታችሁ የሚቀርበውን ምረጡ።

ልዩነት ካለ በስፕሪንግ ነው። ኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ በኤፕሪል የሚፈለገው ብራውን ትራውት የሚባለው ዓሣ ነው፤ የኒውዮርክን ዳርቻ ተከትሎ ጥልቀት በሌለው፣ ፈጥኖ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ይገኛል። መሬት እያያችሁ ስለምታጠምዱ ውሃ ለሚፈራ ሰው ይህ ይሻላል። ለሰመር ኪንግ በዚያ በኩል ኦስዌጎና ሜክሲኮ ቤይ፣ በሚቺጋን በኩል ማኒስቲና ሉዲንግተን ስማቸው የሚነሳ ነው።

ሂውረን ሐይቅን ለምን ዘለልከው የሚለኝ አይጠፋም። ነገሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። እነዚህ ሳልመኖች የፓስፊክ ውቅያኖስ ዓሦች እንጂ የሐይቆቹ ተወላጆች አይደሉም። ላምፕሬይ የሚባል ደም መጣጭ ሌክ ትራውት የሚባለውን ነባር ዓሣ ሲጨርሰው፣ አሌዋይፍ የሚባል ትንሽ ዓሣ እሱን የሚበላ ትልቅ ዓሣ ስላጣ ሐይቁን ሞላው። በ1967 የሞተ አሌዋይፍ በሚቺጋን ሐይቅ ዳርቻዎች ተከምሮ ነበር። የሚቺጋን ግዛት በ1966 ኮሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ቺኑክን የለቀቀው አንድም ያንን እንዲበሉለት ነው። በሉለት። ሂውረን ላይ ግን በ2003 እና በ2004 አሌዋይፉ ሲያልቅ ኪንጉም አብሮ ተመናመነ። የምግቡ ነገር ካልተስተካከለ ኪንግ አይኖርም።

ሌክ ትራውት ዛሬም አለ፤ በአብዛኛው ከታች፣ ከወለሉ ተጠግቶ። እንደ ኪንግ አይሮጥም፤ አንዳንዱ እርጥብ ጆንያ እንደመጎተት ነው ብሎ ይቀልድበታል። ኪንግ እምቢ ባለ ቀን ግን የሚያድነው እሱ ነው። ስትደውሉ "ሳልመኑ ካልነከሰ ምን እናደርጋለን?" በሉት ካፒቴኑን። ሳያቅማማ "ወደ ሌክ ትራውት እንወርዳለን" ካላችሁ ደስ ይበላችሁ። "ግድ የለም፣ ይነክሳል" የሚለውን እለፉት።

ግማሽ ቀን ወይስ ሙሉ ቀን

ግማሽ ቀን። አራት፣ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ሰዓት ነው። ሐይቅ ነው ብላችሁ አትናቁት። የትልልቆቹ ሐይቆች ማዕበል ከውቅያኖሱ ይልቅ አጭርና ተከታታይ ስለሆነ ያንገላታል። አንድ ሰው ቢያጥወለውለው ደግሞ መውረጃ የለም። ወይ ሁላችሁም ገንዘባችሁን ትታችሁ ትመለሳላችሁ፣ ወይ እሱ እየተሰቃየ ይቆያል። እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ አይሠራም፤ ከመሳፈር በፊት ነው የሚዋጠው። ካቢኔ ውስጥ አትግቡ፣ ስልክ አትዩ፣ አድማስ እዩ።

ከሰዓት በኋላ የሚወጣው ጉዞ አንዳንዴ ይረክሳል፤ ግን ነፋሱ የሚበረታውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ዋጋውን ስታወዳድሩ

አብዛኞቹ ጀልባዎች በአሜሪካ ሕግ ከስድስት በላይ ከፋይ ተሳፋሪ አይጭኑም። የካፒቴኑ ፈቃድ ራሱ በተለምዶ "ሲክስ ፓክ" ይባላል። ከስድስት በላይ ከሆናችሁ ወይ ፍተሻ ያለፈ ትልቅ ጀልባ ትፈልጋላችሁ፣ ወይ ሁለት ጀልባ ትይዛላችሁ።

ዋጋ የሚነገረው ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም። 600 ዶላር ቢባል ለስድስት ሲካፈል 100 ነው፤ ለሁለት ግን 300። ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ከሌሎች ጋር የሚያዳብል ካፒቴን ፈልጉ። ይረክሳል፤ ግን ከማታውቁት ሰው ጋር ተራ እየጠበቃችሁ ነው።

ርካሹ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። አንዱ ጀልባ ከሌላው በጣም ቀንሶ ስለነበር ቸኩለን ቀብድ ከፈልን። ረዳት አልነበረውም። ካፒቴኑ ብቻውን ይነዳል፣ ብቻውን ክር ይፈታል፣ ብቻውን መረብ ይይዛል። ሁለት ዓሣ እኩል ሲይዝ አንዱን አጣነው። ስንመለስ ደግሞ ዓሣውን ለመበለት በየፍሬው እንደሚያስከፍል ነገረን። ተደምሮ ሲታይ ከውዱ ጋር እኩል መጣ። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ረዳት አለ ወይ፣ መበለቱ ተካቷል ወይ፣ የሚሰጠው ጊዜ ከወደብ ሲወጣ ነው ወይስ ክር ውሃ ሲነካ የሚቆጠረው ብላችሁ ጠይቁ። ጉርሻ ከ15 እስከ 20 በመቶ የተለመደ ነው፤ ዋናው ደመወዙ እሱ የሆነ ረዳት አለና አታስቀሩት።

የማጥመጃ ፈቃድ በአብዛኛው በዋጋው ውስጥ የለም። ሚቺጋን ውስጥ ዕድሜው 17 የሞላ፣ ኒውዮርክ ውስጥ 16 የሞላ ሁሉ የራሱን ይገዛል። ዊስኮንሲንና ኢሊኖይ ላይ የሳልመን ቴምብር የሚባል ተጨማሪም አለ። ከጉዞው በፊት ባለው ማታ ኢንተርኔት ላይ ግዙት።

ምግብና መጠጥ የራሳችሁ ነው። ሙዝ ግን አትያዙ። ሙዝ ጀልባ ላይ ገደ ቢስ ነው ብለው የሚያምኑ ካፒቴኖች አሉ፤ እየሳቀ ውሃ ውስጥ የወረወረብን አይቻለሁ።

ስለ መብላቱም አንድ ነገር። ግዛቶቹ ከእነዚህ ሐይቆች የሚወጣ ዓሣ ስንት ጊዜ ቢበላ እንደሚሻል ምክር ያወጣሉ፤ ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል ስብ ውስጥ ስለሚጠራቀም። ለነፍሰ ጡርና ለልጆች ምክሩ ጠበቅ ይላል። ትልቅና ያረጀ ዓሣ የበለጠ ይይዛል፤ እዚህም ላይ ትንሹ ኮሆ ይበልጣል። ረዳቱ ሲበልተው ቆዳውንና ስቡን እንዲያነሳላችሁ ንገሩት።

ከመክፈላችሁ በፊት የአየር ሁኔታ ደንቡን በጽሑፍ ተቀበሉ። ማዕበል ካለ የመውጣት አለመውጣቱን ውሳኔ ካፒቴኑ ነው የሚያደርገው፤ እሱ ከሰረዘ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ቀን ብቻ ይቀየራል? እኛ ለዘንድሮ ሜይ የያዝነው ጀልባ ቀን ይቀይራል። ልደቱ ሊያልፍ ይችላል፤ ልደተኛው ግን እንቅልፍ ካላስወሰዳችሁኝ ግድ የለም ብሏል።