አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ሲስተም፣ የሦስት ሰዓት ልዩነት

ከስምንት ወር በፊት ዴስክቶፔ ላይ ያለውን ዊንዶውስ 10 ሳላጠፋ ኡቡንቱ 24.04 የሚባለውን ሌላ ሲስተም ጎን ለጎን ጫንኩ። ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ መልኩ ምናምን ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ወር ጭንቅላቴ ላይ የቀረው ሰዓት ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ ሰዓት።

ለምን ሁለት አስፈለገህ ለምትሉኝ፣ የምኖረው የሱቆችን ሂሳብ በመሥራት ነው። የምሠራበት የሂሳብ ፕሮግራም ፒችትሪ ያለ ዊንዶውስ አይሠራም። ደንበኞቼ የሚልኩልኝ ደብዳቤም ግማሹ በድሮ የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ዝባዝንኬ ምልክት ይሆናል። ማታ ማታ ግን ፕሮግራሚንግ እማራለሁ፣ ለሱ ኡቡንቱ ይመቸኛል። በዛ ላይ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ያበቃል ተባለ፣ የኔ አሮጌ ማሽን ደግሞ 11ን አይሸከምም። «ቨርቹዋል ማሽን ብትጠቀም ምን ነበረበት» (አንዱን ሲስተም በሌላው ውስጥ ማስነሳት ማለት ነው) የምትሉኝ ወዳጆች፣ 8 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ላይ ሁለቱን አንድ ላይ አስነሱና ከዛ እናወራለን።

መጫኑ ራሱ አላስቸገረኝም። ወደ 6 ጊጋ የሚጠጋውን ፋይል በሌሊት ፓኬጅ ማውረዱ ነው የከበደው። መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይኩ ጫንኩት፣ አልጠፋም፣ አለቀ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዊንዶውስ ገባሁ። ጥጉ ላይ 11:00 ይላል። እኛ መቼም ኮምፒውተሩ የሚለው ላይ ስድስት ቀንሰን ነው የምናነበው፣ ስለዚህ 5 ሰዓት ማለት ነው። ምሳ በልቻለሁ እኮ! ስልኬን ሳይ 14:00፣ ማለትም 8 ሰዓት። ለአፍታ ስድስት መቀነስ የነበረብኝን ዘጠኝ የቀነስኩ መስሎኝ በጣቴ ሁሉ ቆጥሬያለሁ። በእጄ አስተካከልኩትና ረሳሁት። በማግስቱ ከኡቡንቱ ወጥቼ ዊንዶውስ ስገባ ደግሞ ያው፣ ሦስት ሰዓት ወደኋላ።

ኮምፒውተር ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ገና ሳይከፍተው «የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል» አለኝ። ቀየረው፣ ከፈልኩ፣ ቤት ገባሁ። ያው ሦስት ሰዓት። ተመልሼ ስሄድ «እንግዲህ ማዘርቦርዱ ነው» አለኝ፣ ሌላ ማሽንም ሊሸጥልኝ ዳዳው። ወንድሜ፣ የሞተ ባትሪ እኮ ሰዓቱን የዛሬ ስንት ዓመት ይመልሰዋል እንጂ በየቀኑ ልክ ሦስት ሰዓት፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ አይሰርቅም! ይሄ ግን ያኔ ትዝ አላለኝም። አሁን ነው አልጋ ላይ ተጋድሜ የምከራከረው።

ቀጥሎ ጥርጣሬዬ ናይሮቢ ላይ ወደቀ። ኡቡንቱ ሰዓታችንን «አዲስ አበባ» ብሎ ሲጽፍ ዊንዶውስ ግን «ናይሮቢ» ነው የሚለው። ይኸው ጉዱ ብዬ ሦስት ሰዓት ወደፊት ያለውን የባንግላዴሹን ዳካን መረጥኩ። ሰዓቱ ልክ ሆነ፣ ሻይ አፈላሁ፣ ኮራሁ። ኢንተርኔቱ ሲመጣ ሰዓቱ ራሱን አስተካከለና በጠራራ ፀሐይ 11 ሰዓት ላይ ማታ 2 ሰዓት አለኝ። ለነገሩ ናይሮቢና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ያቃጠለኝ የቫቱ ሠንጠረዥ ነው። 10 ሰዓት ላይ ኡቡንቱ ውስጥ ሠርቼ አስቀመጥኩ። 11 ሰዓት ላይ ኮፒውን ዊንዶውስ ውስጥ ከፍቼ አሥራ ምናምን ደረሰኝ አረምኩና 11 ተኩል ላይ ሴቭ አደረግኩ። ዊንዶውስ ግን በሱ ቤት 8 ተኩል ነው። ማታ ሁለቱን ፋይል ሳይ አዲስ የሚመስለው የኡቡንቱው ነው። አሮጌውን አጠፋሁ ብዬ የታረመውን አጠፋሁት። ሪፖርቱ በነጋታው ነበር የሚገባው። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ለካ ነገሩ ብልሽት አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ማሽኑ ጠፍቶም የሚቆጥር ሰዓት አለ። ዊንዶውስ እዛ ላይ ያለውን ቁጥር የአካባቢው ሰዓት ነው ብሎ ይወስዳል። ኡቡንቱ ደግሞ ዩቲሲ (የሁሉም ሀገር ሰዓት የሚለካበት የጋራ መነሻ ሰዓት) ነው ብሎ ያነበዋል፣ ሲያስተካክለውም በዩቲሲ ይጽፈዋል። እኛ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፣ ሦስቱ ሰዓት የመጣው ከዚህ ነው። እኛ ቀጠሮ ስንይዝ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» እንባባላለን፤ እነዚህ ሁለቱ አንድ ቤት እየኖሩ ይቺን አልተጠያየቁም።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ኡቡንቱ ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ላይ፣ «ታይምዴትሲቲኤል» (timedatectl) በሚባለው ትዕዛዝ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት አንብበው ትሉታላችሁ። አይመከርም፣ በጋና ክረምት ሰዓት ሲቀየር ችግር ያመጣል የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳያል። እኛ ሀገር ሰዓት በጋም ክረምትም አይነካም፣ ስለዚህ ዝም ብዬ አለፍኩት። ከዛ ወዲህ ሁለቱም አንድ ሰዓት ይላሉ። ፈረንጅ ሀገር ያላችሁ ግን ኡቡንቱን ተዉትና ዊንዶውሱን ዩቲሲ እንዲያነብ በሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ውስጣዊ ቅንብር መዝገብ) በኩል ብታዙት ይሻላል።

እና ትመክራለህ ወይ? ያኔ የቫቱ ሌሊት ብትጠይቁኝ ኡቡንቱን የጫንኩበትን ፍላሽ ነበር የምወረውርባችሁ። ዛሬ ግን አዎ፣ ጫኑ። ዊንዶውስ የምገባው ለሂሳቡ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ኡቡንቱ ላይ ነው፣ አሮጌው ማሽንም ነፍስ ዘርቷል። ባትሪ ቀያሪውን ግን አልማርኩትም፤ ምንም ያልሆነውን የድሮ ባትሪ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ በዛ ሳልፍ አሳየዋለሁ።

አሁንም ዊንዶውስ ስገባ መጀመሪያ የማየው ጥጉን ነው። ከዛ ስልኬን። ከዛ ነው ፒችትሪን የምከፍተው።