ማህተም ያለበት ስፓኒሽ ገዝቼ ተበላሁ

ትናንት ጠዋት ከማድሪድ አንዲት ሴት በዋትሳፕ ጻፈችልኝ። «አራተኛው ቀን ኒው ዮርክ እንገባለን ይላል። የአሜሪካ ቪዛ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ?»

መጀመሪያ ተሳስታ የላከችው መሰለኝ። ቆይቶ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ንዴቴ አልበረደም፤ አጻጻፌ ቢሻክር ይቅር በሉኝ።

ትንሽ የአስጎብኚነት ሥራ አለኝ። አንድ መኪና፣ አንድ ሹፌርና እኔ። የደቡቡን ጉዞ ለስፔኖች ልሽጥ ብዬ 18 ገጽ ብሮሸር ወደ ስፓኒሽ አስተረጎምኩ። የትርጉም ቤቶቹን ታውቋቸዋላችሁ። መስታወት በር፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ግድግዳው ሙሉ ባንዲራ፣ «በሁሉም ቋንቋ እንተረጉማለን»። የልደትና የጋብቻ ወረቀት ሲተረጉሙ የሚውሉት። በገጽ 400 ብር ተስማማን፣ ግማሹን በቅድሚያ ከፈልኩ። «ስፓኒሹን ማን ነው የሚሠራው?» ብዬ መጠየቄን አልረሳሁም። «ኩባ የተማረ ሰው አለን» አለችኝ ባለቤቷ።

የተያዝኩት በዚህች ቃል ነው። በደርግ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻችን ኩባ ሄደው፣ የወጣቶች ደሴት በሚሏት ላይ ተምረዋል። ስፓኒሻቸው እስከ ዛሬ ከአፋቸው አልጠፋም። «ኩባ» ከተባልኩ በኋላ ምን እጠይቃለሁ? 500 ቅጂ አሳተምኩ። (የማተሚያውን ሒሳብ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ታነባለች።) ጥር ላይ ማድሪድ ለሚደረገው ለፊቱር፣ ለቱሪዝም ባዛሩ ማለቴ ነው፣ አንድ ወዳጄ ይዞልኝ ሄደ።

ኒው ዮርክ የተባለው ኮንሶ ነው። ጌሰርጊዮ መንደር አጠገብ ጎርፍ የሸረሸረው መሬት ቀጥ ቀጥ ብሎ እንደ ፎቅ ቆሟል፤ አገሬው በዚህ ምክንያት ኒው ዮርክ ይለዋል። እኔ አማርኛው ላይ በትዕምርተ ጥቅስ ነበር የጻፍኩት። ጥቅሱ ጠፍቶ «ኑዌቫ ዮርክ» ብቻውን ቀርቷል። ጠዋት ከአርባ ምንጭ ተነስተን፣ ከምሳ በኋላ ኒው ዮርክ። በላንድክሩዘር።

የተረጎሙልኝን ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ባለቤቷ ስልክ ታወራለች። ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ ናት። ቦታውን አሳየኋት።

«ኒው ዮርክ በስፓኒሽ ኑዌቫ ዮርክ ነው፣ ጋሼ። ልክ ነው።»

«ይሄ እኮ ኮንሶ ነው።»

«ታዲያ ኮንሶ ብለው ለምን አልጻፉም?»

እውነቷን ነው ልል ምንም አልቀረኝም። ባለቤቷ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«የኔ ወንድም፣ ስፓኒሽ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እና ስህተት መሆኑን በምን አወቅክ? ማህተም አለበት አይደል?»

አለበት ለካ። 18ቱም ገጽ ላይ፣ ክብ፣ ሐምራዊ።

«ኩባ የተማረውን ሰውዬ አገናኙኝ» አልኩ። መልስ የለም። ያን ጊዜ ነው ስክሪኑን ያየሁት። ጎግል ትራንስሌት ተከፍቷል። ልጅቷ የሌላ ደንበኛ ወረቀት ቀዳች፣ ለጠፈች፣ ፕሪንት አለች። ማህተሙን አነሳች፣ ኡፍ አለችበት፣ መታችው። ይሄ ሁሉ እኔ ፊቷ ቆሜ ነው። ለመደበቅ እንኳን አልደከመችም።

ፊቴን አይታ ግን አዘነችልኝ መሰለኝ። «ዝም ብለን አንለጥፍም እኮ ጋሼ፣ እናስተካክላለን። ገጽ አንድ ላይ 13 ወር ብለው ተሳስተው ነበር። 12 አድርገንልዎታል።»

የ13 ወር ፀጋ! አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ያወጡት፣ ስንት ዘመን አገር የተዋወቀበት መፈክር። ጳጉሜን ሰረዙብኝ። ከ18 ገጽ የሰው እጅ የነካው ይህችኑ አንዷን ቦታ ነው፤ እሷም ልክ የነበረችው ናት።

ማታ ሰፈራችን ያሉት ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው በእውነት ኩባ ያደጉ ናቸው። ከዓመት በፊት «በገጽ 1,000 ብር» ብለውኝ ተወደደብኝ ብዬ ትቻቸዋለሁ። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። እኔ ግን ዓባይን በየቀኑ ሰላም እያልኩ ነው ምንጭ ያመሰገንኩት።

እያነበቡ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጫሞ ሐይቅ ዳር ያለው የአዞ ገበያ «መርካዶ ዴ ኮኮድሪሎስ» ተብሏል፤ ቀጥሎ «ከገበያው በኋላ ምሳ» ይላል። አዞዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ የሚሰበሰቡበት ቦታ መሆኑን የሚናገር ቃል የለም። እንግዳው አዞ ተገዝቶ ሊበላ ነው ቢል አይፈረድበትም። አርባ ምንጭ ራሱ «ኳሬንታ ፉዌንቴስ» ሆኗል። ፉዌንቴ አደባባይ ላይ የሚሠራውን ፏፏቴም ይላል አሉኝ፤ አርባ ፏፏቴ ያሠራ ከንቲባ ያለን አስመሰሉን። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስለ ሰሜን ተራሮች «የአፍሪካ ጣሪያ» ብዬ ነበር። ስፔኖች ይህን ሲሰሙ 5,895 ሜትሩ ኪሊማንጃሮ ነው የሚታያቸው አሉ። ታንዛኒያም በነፃ አስተዋወቅኩ ማለት ነው።

«የእግዜር ድልድይ»ን ብቻ ደህና ነው አሉኝ። እሱንም ቢሆን በአባያና በጫሞ መካከል ያለ መሬት እንጂ ድልድይ አለመሆኑን ጨምር ብለውኛል።

ምክር ካላችሁኝ፦ ቅጽል ስም ስታስተረጉሙ ማን እንደሚለውና ለምን እንደሚለው አብሮ ይጻፍ። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ተርጓሚውን በአካል አግኙትና አንድ አንቀጽ ፊታችሁ ይሥራ። ማህተሙን ተዉት።

የከፈልኩትን አልመለሱልኝም። የተረፈው ብሮሸር ሳሎን ተቆልሏል። ለማድሪዷ ሴትዮ ምን ብዬ እንደምመልስ እስካሁን እያሰብኩ ነው።