ኮምቦልቻ ላሉት የስፌት መኪና ጠጋኝ፦ ምስጋናና ጥቆማ

የተከበራችሁ የደሴ፣ የኮምቦልቻና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ይህን የምጽፈው ኮምቦልቻ የሚሠሩ አንድ አባት ትልቅ ውለታ ስለዋሉልኝና ምስጋናዬን በቃል ብቻ ተናግሬ መተው ስለከበደኝ ነው። ጉዳዩ የአየር ጠመንጃ ጥገና ነው። የ48 ዓመት ሴት፣ ያውም የአማርኛ መምህርት፣ ስለ ጠመንጃ ለመጻፍ ምን አገባት የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም እስከ ዘንድሮ ድረስ በአየር የሚተኩሰውን በባሩድ ከሚተኩሰው ለይቼ የማላውቅ ሰው ነበርኩ።

ጠመንጃው የባለቤቴ ነው። ነፍሱን ይማርና፣ እሑድ እሑድ ጓሯችን ውስጥ ወረቀት ሰቅሎ በ10 ሜትር ርቀት ዒላማ መምታት ይወድ ነበር። ወፍ አይነካም፤ ከወረቀት ሌላ ምንም ነገር ላይ ሲተኩስ አይቼው አላውቅም። የመታቸውን ወረቀቶች ጀርባቸው ላይ ቀን እየጻፈ በአንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣቸው ነበር። በ2011 ዓ.ም. ሲያርፍ ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ቆርቆሮውንም አብሬ ኮርኒስ ላይ አወጣሁት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤቱን ዘግተን ወጣን፤ ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ተገንጥሎ፣ ፍራሹ ሳይቀር ተወስዶ ጠበቀን። ኮርኒሱን ግን የነካው አልነበረም። ከባለቤቴ ዕቃ የተረፈልን ያ ጠመንጃና ያ ቆርቆሮ ብቻ ነው።

ዘንድሮ 17 ዓመት የሞላው ልጄ የአባቱን ጠመንጃ ልሞክር ብሎ ለመነኝ። እኔ ባለሁበት ብቻ እንዲሆን ቃል አስገብቼ ፈቀድኩለት። በመጀመሪያው እሑድ ከተኮሳቸው ጥይቶች ወረቀቱን ያገኙት ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነሱም አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ጥግ ላይ ሆኑ። ልጁ በስልኩ የሚያያቸው ሰዎች በ50 ሜትር ላይ የጠርሙስ ቆርኪ ይመታሉ፤ እሱ በ10 ሜትር ካርቶን ሳተ። «አባዬ በዚህ ነው ይመታ የነበረው?» ብሎ የጠየቀኝ ጊዜ ድምፁ ውስጥ የሰማሁት ነገር፣ ገንዘብ ቢጠፋም ይጥፋ ብዬ ጠጋኝ ፍለጋ እንድነሣ አደረገኝ።

ገንዘቡም ጠፋ። የመጀመሪያው ጠጋኝ ጠመንጃውን ሳይፈታው «ሞላው ሞቷል» ብሎ ተቀበለኝ፤ ሰባት ሳምንት ሙሉ ነገ ዛሬ እያለ ካመላለሰኝ በኋላ 3,000 ብር ተቀብሎ ሲመልስልኝ፣ የብሎኖቹ ራስ ከመቧጠጡ በቀር የተለወጠ ነገር አልነበረም። ሁለተኛው ደግሞ የጎደለው ጠመንጃው ላይ የሚታሰር የማነጣጠሪያ መነጽር ነው ብሎ በ4,500 ብር ሸጠልን፤ መነጽሩ ሃያ ጥይት ያህል እንደተተኮሰ ከቦታው እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ሄደ። መልሰን ብንወስድለት «ልጁ አያያዝ አያውቅም» አለ እንጂ አያያዙ እንዴት እንደሆነ ሊያሳየው አልፈለገም። ሦስተኛው ሳቀብን። «እማማ፣ ይህ የልጅ መጫወቻ ነው፤ ለብረቱ 500 ብር ልስጥሽ» አለኝ። ከዋጋው ይልቅ «እማማ» መባሌ ነው ያንገበገበኝ፤ እሱ ራሱ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የሚያንስ አይመስልም። የማንንም ስምና ቦታ አልጠቅስም፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ አንዲት ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ፣ የስፌት መኪናዋን የሚጠግኑላት ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ሽማግሌ የአየር ጠመንጃም እንደሚያዩ ነገረችኝ። ዕድሜያቸውን በፋብሪካ የማሽን ጥገና ያሳለፉ ሰው ናቸው። ጠመንጃውን በብርድ ልብሱ ጠቅልዬ፣ የጠመንጃውን ሕጋዊ ወረቀት በቦርሳዬ ይዤ፣ ልጄ ደግሞ የአባቱን ቆርቆሮ ታቅፎ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወረድን።

እኒህ አባት መጀመሪያ የጠየቁን ጠመንጃው ወረቀት እንዳለው ነበር። ወረቀቱን አይተው ከመለሱልኝ በኋላ ብርድ ልብሱን እንኳ ሳይገልጡ ወደ ልጁ ዞሩና «ምን እንዲመታልህ ነው የምትፈልገው?» አሉት። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ልጄ ስለ 50 ሜትሩ ቆርኪ ነገራቸው። አልሳቁበትም። «አብሽር» ብለው ቡና ጀባ አሉንና፣ ከኪሳቸው የአንድ ብር ሳንቲም አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ይህ ጠመንጃ ደኅና ከሆነ፣ አንተም ከተረጋጋህ፣ በ10 ሜትር ላይ አምስት ጥይት ይህች ሳንቲም ሥር ያስቀምጥልሃል። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባልህ ሰው ካለ ሊሸጥልህ የፈለገው ነገር አለ ማለት ነው» አሉት። እኔ በዚህ ጊዜ ስለ መነጽሩ ትዝ ብሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሥራ በዝርዝር ልጽፍላችሁ አልችልም፤ አልገባኝምና። ሰደፉን የሚያስሩትን ብሎኖች ሲያጠብቁ፣ አፈሙዙ ከሚታጠፍበት ቦታ የደረቀች ጎሚኒ አውጥተው በሌላ ሲተኩ አይቻለሁ። መነጽሩንም አወለቁት። ሞላው ግን ምንም እንዳልሆነ፣ ከነጭራሹ ተከፍቶ እንደማያውቅም ነገሩኝ፤ የሰባቱ ሳምንትና የ3,000 ብሩ ምሥጢር በዚህ ተገለጠልኝ።

ቀጥለው ልጄን ወደ ጓሮ ወሰዱት። ጠመንጃውን ጥምድ አድርጎ ትከሻው ላይ ሲጫነው አይተው አስቆሙት። በሞላ የሚሠራ ጠመንጃ ጥይቷ አፈሙዙን ሳትለቅ ውስጡ ፊትና ኋላ እንደሚናጥ፣ አንቆ የያዘው ሰው ያንን መናጥ በየጊዜው ወደ ሌላ አቅጣጫ እንደሚመልሰው አስረዱት። «ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ያዘው እንጂ ሌባ እንደያዘ ሰው አትነቀው» አሉት። ይህች አነጋገር እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ትነገራለች። ልጄ አምስት ተኮሰ። ወረቀቱ ሲመጣ ሳንቲሟን አስቀመጡበት፤ አራቱን ቀዳዳዎች ሸፈነቻቸው፣ አምስተኛው ግን ወደ ግራ ዝቅ ብሎ ለብቻው ቀርቷል።

ልጁ በዚያች በአንዷ አዘነ። እሳቸው ግን «የመጀመሪያዋ ናት፣ አይደል?» አሉት። የመጀመሪያዋ ነበረች። ከዚያም ቆርቆሮውን ተቀብለው ጥቂት ወረቀቶች አገላበጡና፣ ከመካከላቸው የ2009 ዓ.ም. ቀን የተጻፈበትን አንዱን መርጠው ከልጄ ወረቀት ጋር አነባብረው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጉት። የአባቱም አራት ቀዳዳዎች አንድ ላይ ታጭቀዋል፤ አምስተኛው ወደ ግራ ዝቅ ብሏል። ከጎኑ በእርሳስ የተጻፈች ትንሽ «1» ቁጥር አለች። ሌላ ወረቀት አወጡ፣ እዚያም «1» አለች፤ ሌላም አወጡ፣ እዚያም አለች። እኔ እነዚህን ወረቀቶች ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ያቺን ቁጥር ግን አንድም ቀን ልብ ብያት አላውቅም። «ጠመንጃው አርፎ ሲነሣ የመጀመሪያዋን ወደዚያ ይጥላታል፤ ጠባዩ ነው። አባትህ ያውቀው ነበር። አንተም የመጀመሪያዋን ሳትቆጥር ተኩሳትና ከዚያ ጀምር» አሉት። ልጄ መልስ አልሰጣቸውም፤ ወረቀቶቹን ተቀብሎ ብርሃኑ ላይ ደጋግሞ አያቸው። እኔም ቡናውን ለመጨረስ ያህል ወደ ውስጥ ገባሁ።

የጠየቁን 400 ብር ነው። ልጨምርላቸው ብል «ያልሠራሁበትን አልበላም» ብለው ከለከሉኝ። በዚህ ላይ ሰፊዎች ጥለውት የሚሄዱትን ብጥስጣሽ ጨርቅ በካርቶን ጠቅጥቀው፣ ዒላማውን በዚህ ላይ እንድንለጥፍ ሰጡን፤ ጥይቷ ድንጋይ ግንብ ካገኘች ነጥራ ዓይን ልታጠፋ እንደምትችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ጥይት ሳይጎርስ ባዶውን እንዳይተኩስ፣ ሞላውን የሚገድለው እርሱ እንደሆነም ልጁን አስጠንቅቀውታል።

ልጄ ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ ማንበብ ጀምሯል። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ተኩስ በኦሎምፒክ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደሚካሄድ፣ 10 ነጥብ የምታስገኘው የዒላማው መካከል ስፋቷ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ እንደሆነች፣ ጥይቷ ራሷ ግን 4.5 ሚሊሜትር እንደሆነች ነግሮኛል። የዓለም ምርጦች ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ጠመንጃ ከ10 ሜትር ሳይርቁ ይህን ያህል ከደከሙ፣ እኛ በአሮጌ ጠመንጃ 50 ሜትር ላይ ቆርኪ ካልመታን ማለታችን አሁን ያስቀኛል። ግማሽ ግራም የምትመዝን ጥይት የደሴ ነፋስ ወዴት እንደሚወስዳት ደግሞ የጦሳ ተራራን ብርድ የሚያውቅ ይገምተው።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ፤ ጠመንጃችሁ ሳተ ብላችሁ ሌላ ከመግዛታችሁ፣ መነጽር ከመጨመራችሁ፣ ሞላ ከማስቀየራችሁ በፊት እኒህን አባት አማክሩ። በበዓል ቀን ዒላማ እያስተኮሳችሁ የምትተዳደሩ ወጣቶችም ብትሆኑ ሂዱ፤ ከደንበኛ ጋር ከመጨቃጨቅ ትድናላችሁ። እውነቱን ይነግሯችኋል፣ የማይጠገን ከሆነም አይጠገንም ይላሉ። እባካችሁ ሂዱ። አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፤ እዚህ እንዳልጽፈው የለመኑኝ ራሳቸው ናቸው፣ የስፌት መኪናው ሥራ እንዳይስተጓጎል ሰግተው። ስትሄዱ የጠመንጃውን ወረቀትና የምትተኩሱበትን ጥይት ያዙ፤ የቆየ የዒላማ ወረቀት ካላችሁም አትርሱ። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ግን አትሂዱ፤ አታገኟቸውም።