የሮም የእግር ጉብኝት፦ ፋሺዝምና ናዚዝም አንድ ናቸው እንዴ?

ሮም ውስጥ የፋሺዝም ዘመን ህንፃዎችን የሚያሳይ የሦስት ሰዓት ጉብኝት ሄጄ ነበር፣ አስጎብኚው በጣም ጎበዝ ነው። እኔ ሁለቱን አንድ አርጌ ነበር የማስበው። ሙሶሎኒ በፈረንጅ 1922 ስልጣን ሲይዝ ዋናው ነገር መንግስት ነበር፣ ሁሉም ለመንግስት፣ ሂትለር ጋ ግን ከመጀመሪያውም ዘር ነው፣ መንግስቱ ራሱ የዘር መሳሪያ ነው። ደሞ ሙሶሎኒ ከላዩ ንጉስ ነበረበት፣ በ1943 የሻረውም ንጉሱ ነው፣ ሂትለር ግን በ1934 ሂንደንበርግ ሲሞት ፕሬዝዳንትነቱንም ጠቅልሎ ያዘ።

ኤውር የሚባለው ሰፈር ስንደርስ ባለ ቅስቱ ነጭ ህንፃ አናት ላይ የተቀረፀውን አነበበልን፣ የባለቅኔዎች የአርቲስቶች የጀግኖች ህዝብ ምናምን ይላል፣ ቃሉ የተወሰደው ሙሶሎኒ በፈረንጅ ኦክቶበር 2 ቀን 1935 ካደረገው ንግግር ነው፣ በነጋታው መረብን ተሻግረው አገራችንን ወረሩ። ሰውነቴን ውርር አረገኝ በእውነት።

ያልወደድኩት ነገር፣ የጣሊያን ዘረኝነት በ1938ቱ ፀረ አይሁድ ህግ ከጀርመን የተቀዳ አስመስሎ አለፈው። እጄን አወጣሁ። በመርዝ ጋዝ ያለቀው ህዝባችንስ፣ የካቲት 12ስ፣ በ1937 ጣሊያን ከአፍሪካዊት ጋር እንዳይኖር የከለከሉበት ህግስ አልኩት፣ ይሄ ሁሉ ከ1938 በፊት ነው። ደግነቱ ሰማኝ፣ ለቡድኑም እንድናገር ጊዜ ሰጠኝ።

ሮም የምትኖሩ አበሾች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ምቹ ጫማ አርጉ።