የሙዝ ችግኞቻችንን አሳድጋ ላስረከበችን ባለሙያ ምስጋና

በአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ በላንቴና በጫኖ ሚሌ አካባቢ ሙዝ ለምታለሙ ሁሉ፦ በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ፣ የተባዛ ችግኝ ለመትከል ካሰባችሁ ይህችን የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ ሳታማክሩ አትጀምሩ። እኔና ቤተሰቤ ባለውለታዋ ነንና በአደባባይ ላመሰግናት እወዳለሁ።

ቀድሞ የምንተክለው ከጎረቤት ማሳ የተነቀለ ቡቃያ ነበር። ግንዱን ከሥር የሚሰረስረው ነቀዝና ኔማቶድ የሚባለው በዓይን የማይታይ ትልም አብረውት ይገቡ ነበር። ቲሹ ካልቸር ከዚህ ይገላግላል፤ ከግንዱ ውስጥ የእድገት ጫፏ ብቻ ተወስዳ፣ ከጀርም በጸዳ ብልቃጥ ውስጥ ስኳርና ማዕድናት ባለው ምግብ ላይ ትባዛለች። በአገራችን የመልካሳና የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከላት ሲሠሩበት ቆይተዋል።

ፈተናው ከብልቃጥ ሲወጣ ነው፤ የእሷ ሙያም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በብልቃጥ ውስጥ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቅጠሉ ውሃውን የሚይዝበትን ሰም በቅጡ አያወጣም፤ በቀጥታ ለቆላ ፀሐይ ከተጋለጠ ይጠወልጋል። ሥሩ ላይ የተጣበቀውን ዝልግልግ ምግብ ለብ ባለ ውሃ፣ በጣቷ ጫፍ እያሸች ስታስለቅቅ ቆሜ አይቻለሁ፤ ስኳሩ ሥሩ ላይ ከቀረ ሻጋታ ያመጣል ትላለች። ከዚያ በላስቲክ ዳስ፣ ቀጥሎም በጥላ ሥር፣ ጥላውን ቀስ በቀስ እያሳሳች ታለማምዳቸዋለች። ዝናቡ ሳያልፈኝ ስጪኝ ብዬ ብወተውታት፣ «ጋሼ፣ ገና አልጠነከሩም፤ አሁን ገንዘብዎን ብቀበል ሌብነት ነው» አለችኝ። ገበያ ደጇ ቆሞ እንዲህ የሚል ሰው ስንት አለ?

ስታስረክበንም እናት ተክሉ ከየት እንደተወሰደ አስረዳችን። ቲሹ ካልቸር ቫይረስን በራሱ አያጠፋም፤ እናቲቱ ካልተመረመረች በሽታው ከችግኙ ጋር አብሮ ይባዛል። ቅጠላቸው የተዥጎረጎረውንና ቁመናቸው ከሌሎቹ የተለየውንም አንድ በአንድ ለይታ አስቀረችብን፤ ዋጋቸውንም አላስከፈለችንም።

ዛሬ ማሳችን እኩል አድጎ፣ አብዛኛው በተቀራረበ ጊዜ ዘለላ ይዟል። ለገዢ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መኪናው አንዴ መጥቶ ሞልቶ ይሄዳል።

ችግኙ ለመትከል እስኪደርስ ወራት ስለሚወስድ ቀደም ብላችሁ እዘዙ። የመስኖ ውሃችሁ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነም ሳትደብቁ ንገሯት፤ የማያዋጣችሁ ከሆነ ፊት ለፊት ትነግራችኋለች። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።