ለድሬዳዋዋ ሲስተር ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ልጄ የተወለደው ጊዜው ሳይደርስ በ30 ሳምንቱ ነው። በኋላ በተነሣው የአንጎል ምስል፣ ፈሳሽ በሚይዙት የአንጎል ክፍት ቦታዎች ዙሪያ ያለው ነጭ ክፍል መጎዳቱ ታየ፤ ወደ እግር የሚወርዱት የነርቭ መስመሮች በዚያው አጠገብ ስለሚያልፉ እግሮቹ ሊገታተሩ እንደሚችሉ ሐኪሙ አስረዳን። የሚጥል በሽታም ሊከተል እንደሚችል ግን ያን ጊዜ የነገረን አልነበረም።

ስድስት ወር ሲሞላው፣ ከእንቅልፉ በነቃ ቁጥር አንገቱን ወደ ደረቱ ሰበር እያደረገ ሁለት እጆቹን በድንገት ይዘረጋ ጀመር። ጥቂት ሰከንድ ያርፍና ይደግመዋል። ወደ አንድ ክሊኒክ ብወስደው «የሆድ ቁርጠት ነው» ተብዬ ሽሮፕ ይዤ ተመለስኩ።

ዛሬ የማመሰግናቸውን ሲስተር ያገኘኋቸው ለክብደት ክትትል በሄድኩበት የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። ልጁ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ያ ነገር ሲጀምረው መዝገባቸውን ትተው በስልኬ ቪዲዮ አስቀረጹኝ፤ እሳቸውም በካርዱ ጀርባ በእርሳስ እያሰመሩ አሥራ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። መሬት ላይ የማይጥል የሚጥል በሽታ በሕፃናት ላይ እንዳለ፣ ሕክምናው ሲዘገይም እድገትን እንደሚጎዳ ነግረውኝ በዚያው ዕለት ሪፈር አስጻፉልኝ። የአንጎል ሞገድ ምርመራው የጠረጠሩትን አረጋገጠ፤ በታዘዘለት መድኃኒትም ያ መሰበር በሁለት ሳምንት ውስጥ ቆመ።

አራት ዓመት ሲሆነው ሌላ ዓይነት፣ መላ አካላቱን የሚያንቀጠቅጥ መጣበት። ጎረቤት ክብሪት ለማስሸተት ሲሯሯጥ እኔ ሲስተር እንዳስተማሩኝ በጎኑ አስተኝቼ፣ ነጠላዬን ከራሱ ሥር አድርጌ፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳልከት ሰዓት ተመለከትኩ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ነው። ቁልቢ ለመሄድ በተነሣሁ ጊዜም ስለቴን አልነቀፉብኝም፤ የመንገዱን ኪኒን ቆጥረው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ መዝለል በሽታውን እንደሚቀሰቅሰው እያስጠነቀቁ።

ቁጡ መሆናቸውን አልደብቅም፤ ክኒን መስጠት የረሳች እናት ከእሳቸው ፊት ቀና ብላ አትቆምም። ነጩ የአንጎል ክፍል የተጎዳበት ልጅ ሁሉ የሚጥል በሽታ ይይዘዋል ማለት እንዳልሆነ፣ መንፈራገጡ የሚነሣው ከላይኛው የአንጎል ቅርፊት በመሆኑ ጉዳቱ እዚያ መድረስ አለመድረሱ ለውጥ እንደሚያመጣ በትዕግሥት ያስረዱኝም ግን እኚሁ ሴት ናቸው።

ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልፈቀዱ ጤና ጣቢያውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እነግራለሁ። የምትሄዱ ወላጆች ልጁ ሲያደርገው የቀረጻችሁትን ቪዲዮና የሚወስደውን መድኃኒት ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ሰልፉም የድሬ ሙቀትም ከሕፃን ጋር አይቻልም።