ትልቅ ኤሊ ሩቅ ለማድረስ፦ መኪና ወይስ የአውሮፕላን ጭነት?

40 ኪሎ የሚመዝን ሱልካታ (ትልቅ የአፍሪካ የየብስ ኤሊ) ከአሜሪካዋ ፊኒክስ ከተማ ወደ ዴንቨር ለማድረስ መኪና ይሻላል። መንገዱ 1400 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሙቀቱ በእጅዎ ነው፤ ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ያቆዩት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ግን ለአፍታም ጥለውት እንዳይወርዱ!

አውሮፕላን ጊዜ ያሳጥራል፤ ጣጣው ሳጥኑ ነው። ካርቶን አይሞከርም፣ በፊት እግሮቹ እየገፋ ይቀደዋል። ወፍራም ኮምፔንሳቶ በብሎን ይታሰር፤ ስፋቱም ከቅርፊቱ ጥቂት ብቻ ይለፍ። በሰፊ ሳጥን ውስጥ ሊገለበጥ ይችላል፤ በጀርባው ከተኛ ደግሞ የሆድ ዕቃው ሳንባውን እየተጫነ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። የአየር ቀዳዳዎቹ እግሩን የማያሾልኩ ይሁኑ።

በየትኛውም ቢሄድ፣ ከ24 ሰዓት በፊት መብል ያቁሙ። በዋዜማው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ያቆዩት፤ ይጠጣል፣ እዚያው ይጸዳዳል። ደርቆ ይጫን፤ እርጥብ ከሆነ ይበርደዋል።